የሱስ ሕክምና ልምምድ ለ3ኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪዎች (ጅማ)፦ ረቂቁ የቱ ላይ ይሰበራል?

ቡና_ተራ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ ለ3ኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪዎች የአንድ ሴሚስተር የሱስ ሕክምና ልምምድ እየተነደፈ ነው። 36 ተማሪ፣ 16 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ሰዓት፣ አንድ መምህርና አንድ ረዳት።

ንድፈ ሐሳቡ አያሳስብም። የዲኤስኤም 5ን (የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ) 11 የሱስ መስፈርቶች በቃላቸው ይወጡታል፤ በ12 ወር ውስጥ 2 ወይም 3 ከተሟላ ቀላል፣ 4 ወይም 5 ከሆነ መካከለኛ፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከባድ። የመውጫ ፈተናውም የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው። አንድ ቃሚ ወይም ጠጪ ፊታቸው ሲቀመጥ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ታዲያ ለምን አትተወውም? ለልጆችህ ስትል…» ውስጥ ይገባሉ። ሰውየው «እሺ» ይላል፤ ይወጣል፤ አይመለስም።

ረቂቁ ይህን ይመስላል፦ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት ልየታ (በሁለት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቆች፦ አሲስት ለሁሉም ሱስ አስያዥ ነገሮች፣ ኦዲት ለአልኮል)፤ ከ4ኛ እስከ 9ኛ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪው (የለውጡን ምክንያት ከሰውየው ከራሱ የሚያወጣ ንግግር)፤ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ማገርሸትን መከላከል፤ ከ13ኛ እስከ 16ኛ መስክ። ምን ይቀነስ? ምን ይጨመር? የቱ ላይ ይሰበራል? «ጥሩ ነው፣ በርቱ» የሚለውን ለጊዜው አቆዩልን።


ጊቤ_ማዶ

ከስሙ ይጀምር። ተማሪውን የሚያበላሸው «የምክር አገልግሎት» የሚለው ስያሜ ራሱ ነው። ምክር በእኛ አነጋገር ከሚያውቅ ወደማያውቅ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድ ነገር ነው። «አንተ መካሪ ነህ» የተባለ ልጅ ይመክራል፤ ሌላ ምን ያድርግ? «ምክክር» በሉት። ሁለት ሰው ያለበት ቃል ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የሞቲቬሽናል ኢንተርቪው ጀማሪዎቹ የሚለርና የሮልኒክ አራት ሂደቶች (መቀራረብ፣ ማተኮር፣ ከሰውየው ከራሱ ማውጣት፣ ማቀድ) በሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት አይፈጁም። ስድስቱን ሳምንት የሚበላው ማንጸባረቅ ነው (ሰውየው ያለውን ወይም ሊል የፈለገውን በጥያቄ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር መልሶ መንገር)፤ በአማርኛ ደግሞ ማንጸባረቅ የራሱ ጣጣ አለው።

አንደኛው «ለምን» ነው። በሌላ ቋንቋ ለምን ምክንያት መጠየቂያ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቤት ግን «ለምን አመሸህ?» ነው፣ የተግሣጽ ቃል። ተገልጋዩ ምክንያት አይሰጥም፣ መከላከያ ያቀርባል። ተማሪው ለስድስት ሳምንት ቃሉን እንዳይጠቀም ይከልከል። «ምኑ ነው የሚጥምዎት?»፣ «ምኑ ላይ ነው የሚያስቸግርዎት?»፣ «ባለፈው ሳምንት ከቃሙበት ቀን አንዱን እስኪ ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» ይበል።

ሁለተኛው «አይዞህ» ነው። ቸር ቃል ነው፤ ግን ነጥብ ነው፣ ወሬውን ይዘጋል። ሰውየው «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» ሲል «አይዞህ» ካሉት የሚጨምረው የለውም። «ቤቱ ባዶ ሆነብህ» ካሉት ግን ይቀጥላል።

ሦስተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። «ካልቃሙ ሥራው አይገባዎትም» የሚለው ዐረፍተ ነገር መጨረሻው ወደ ታች ከወረደ ነጸብራቅ ነው፣ ወደ ላይ ከወጣ ጥያቄ ነው። ሲጻፍ ግን አንድ ዓይነት ነው! ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ ማለማመድ ዋጋ የለውም፤ ድምፅ መቅዳት ግድ ነው።

አራተኛው «ግን» ነው። ግን ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። ተገልጋዩ፦ «ካልቃምኩ ጎማ አይዞርልኝም፤ የቀን ገቢዬን ግን ጠቅልሎ የሚበላው እሱ ነው» አለ እንበል። ደካማው ምላሽ፦ «ግን እኮ ገንዘብዎ እያለቀ ነው!» ቀላል ነጸብራቅ፦ «ገቢው በእሱ ያልቃል።» ጥልቅ ነጸብራቅ፦ «ለሥራ ብለው የያዙት ነገር የሥራውን ፍሬ እየወሰደብዎት ነው።» ባለ ሁለት ወገን፦ «በአንድ በኩል ሥራ ላይ ያቆምዎታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ቤት ይዘው የሚገቡትን ይነጥቅዎታል።» እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሰውየው የሚቀጥለው መጨረሻ ከሰማው ነው፤ ስለዚህ ወደ ለውጥ የሚወስደው ወገን ይዘግይ።

ከ0 እስከ 10 የሚለውን መለኪያም ተጠንቀቁበት። «ማቆም ለእርስዎ ምን ያህል ያስፈልጋል?» ሲባል እዚህ ያለ ሰው የትምህርት ቤት ማርክ ይመስለውና መምህሩን ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ይሰጣል፣ 9 ወይም 10። አሥር የቡና ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «የሚመስልዎትን ያህል ወደ እኔ ይግፉ» ማለት ይሻላል። አምስት ከገፋ «አምስት ገፍተዋል፤ ሁለት ብቻ አላደረጉትም፤ ምኑን አስበው ነው?» ተብሎ ወደ ታች ይጠየቃል። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት «ዘጠኝ ያልሆነው ምን ጎድሎ ነው?» በማለት ነው። ያኔ ሰውየው የማያቆምበትን ምክንያት አንድ በአንድ ይዘረዝርላቸዋል፣ ሲዘረዝረውም ራሱን ያሳምናል።


ነጭ_ጋውን

ከላይ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው። ረቂቁ ውስጥ የጎደለው ግን ሰው ሊገድል የሚችለው ክፍል ነው፤ የአልኮል ማቋረጥ።

ጫት በድንገት ቢቆም ሰውየው ይተኛል፣ ይነጫነጫል፣ ሐራራ ይይዘዋል፣ ዱካክ (በእንቅልፍ የሚመጣ ቅዠት) ያስቸግረዋል፤ ለሕይወት አያሰጋም። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራል። የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። መቃዠት፣ ቦታና ጊዜ መሳት፣ የሌለ ነገር ማየትና ከፍተኛ ትኩሳት ያለበት ከባዱ ደረጃ ደግሞ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከሰታል። ስለዚህ ቀናነት ያለው አንድ ተማሪ ሐሙስ «ከዛሬ ጀምረህ ተው» ብሎ ቢያሳምነው፣ ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር አስቡት።

ስለ ማቆም ከመነጋገር በፊት አራት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ጠዋት ከመጠጣትዎ በፊት እጅዎ ይንቀጠቀጣል? እንዳይንቀጠቀጡ ብለው ጠዋት ይጠጣሉ? ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ወድቀው ወይም ራስዎን ስተው ያውቃሉ? ያኔ የሌለ ነገር ታይቶዎት ወይም ተሰምቶዎት ያውቃል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ከተባለ ተማሪው ስለ ማቆሚያ ቀን አይነጋገርም፤ ሱፐርቫይዘሩን ይጠራል፣ ሰውየው ወደ ሕክምና ማዕከሉ የሥነ አእምሮ ክፍል ይላካል። እዚያ ሲዋ በሚባለው፣ 10 የማቋረጥ ምልክቶችን በሚያይ መመዘኛ እየተለካ ማረጋጊያው ዳያዚፓም ይሰጠዋል፤ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ደግሞ ከግሉኮስ በፊት። መድኃኒቱ የተማሪው ሥራ አይደለም፤ ለምን እንደላከ ማወቅ ግን ሥራው ነው።

በመላኪያ ወረቀቱ ላይ «የአልኮል ሱሰኛ ነው» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። መጨረሻ የጠጣበት ሰዓት፣ የሚጠጣው ዓይነትና መጠን፣ ቀድሞ ወድቆ እንደሆነ፣ አብሮ የሚወስደው መድኃኒት። አራት መስመር ይበቃል። መድኃኒቱን የምጨምርበት ምክንያት፣ ከምርቃና (የጫቱ ሞቅታ) በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ዳያዚፓም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱ ስላሉ ነው። ይህ ካልተጠየቀ አይነገርም።


3ኛ_ዓመት

መምህር፣ ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አሲስት ላይ ጫት ለብቻው ሳጥን የለውም። የት እናስገባው? መጠኑንስ በምን እንለካ? «አንድ ዙርባ» የሚል አለ፣ «የ200 ብር» የሚል አለ። ኦዲት ላይ ደግሞ «አንድ መጠጥ» የሚለው ለጠላና ለአረቄ እንዴት ይሆናል?


የሐረር_በር

ለ3ኛ_ዓመት፦ በአነቃቂዎች ሥር ማስገባት ወይም «ሌላ» በሚለው ላይ መጻፍ ይቻላል፤ የነጥቡ ወሰን አንድ ነው። ከ0 እስከ 3 ዝቅተኛ፣ ከ4 እስከ 26 መካከለኛ፣ 27 እና በላይ ከፍተኛ። የአልኮሉ ብቻ ይለያል፤ እሱ እስከ 10 ድረስ ዝቅተኛ ነው፣ መካከለኛው ከ11 ይጀምራል። ዋናው ነገር ክፍሉ በሙሉ አንድ መንገድ መምረጡ ነው፤ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ካስገባ መዝገቡ አይነበብም።

መጠኑን በዙርባ አትለካው። ዙርባ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፤ ዋጋውም እንደ ወቅቱና እንደ ጫቱ ዓይነት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ኃይለኛው ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን እየተለወጠ ይሄዳል። ሻጩ በኮባ የሚጠቀልለውና ቃሚው የዛሬውን የሚፈልገው ለዚሁ ነው። አንድ እስር የዛሬና አንድ እስር የከትናንት ወዲያ እኩል አይደሉም። አራት ነገር ጠይቅ፦ በሳምንት ስንት ቀን? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ካለህ ገንዘብ ስንተኛው ይሄዳል? ከምርቃናው በኋላ ምን ትወስዳለህ?

የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። «ትጠጣለህ ወይ?» ሲባል «አልጠጣም» የሚል ሰው «ጨብሲስ?» ሲባል «እሱማ አለ» ይላል። ጨብሲ በእሱ ሒሳብ መጠጥ አይደለም፤ የምርቃና መስበሪያ ነው። ልየታው ላይ አልኮሉ ዜሮ ሆኖ የሚወጣውም በዚህ ነው።

ሌላው ወጥመድ አሲስት የሚጠይቀው ስላለፉት ሦስት ወራት መሆኑ ነው። ሦስቱ ወር ውስጥ ረመዳን ካለበት አቃቃሙ ወደ ማታ ይዞራል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይተዋል። በሌላው ወገን ደግሞ ዐቢይ ጾም መጠጡን ይለውጠዋል። ነጥቡ ዝቅ ስላለ ችግሩ ዝቅ ብሏል ማለት አይደለም፤ ከቅጹ ጠርዝ ላይ ይጻፍ። በዚያው ልክ ግን ጥሩ መነሻ ነው፦ «ረመዳን ላይ ቀኑን እንዴት አለፉት?» ሰውየው ማቆም እንደሚችል ከራሱ አፍ ይወጣል።

(በነገራችን ላይ በሐረርጌ ኦሮምኛ ጫት «ጂማ» ነው የሚባለው። ከምሥራቅ የመጣ ተገልጋይ «ጂማ ነው ያበላሸኝ» ቢላችሁ ከተማችሁን ስለሰደበ አትቆጡ።)

ስለ ኦዲት፦ መጀመሪያ የሒሳብ ምርመራ አለመሆኑን ለአስተዳደር ክፍሉ አስረዱ፤ ቅጹን ለማባዛት ሲጠየቅ ፋይናንስ ቢሮ እንዳይደርስ። ቀመሩ ቀላል ነው። ሚሊ ሊትር ሲባዛ በአልኮል መቶኛ ሲባዛ በ0.79፣ የንጹሕ አልኮል ግራም ይሰጣል። 330 ሚሊ የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ነው። ኦዲት «አንድ መጠጥ» የሚለው 10 ግራም ነው። መለኪያ ብርጭቆው 50 ሚሊ ቢይዝና አረቄው 45 በመቶ ቢሆን 18 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ «ሦስት መለኪያ ብቻ» ያለ ሰው ከአምስት በላይ መጠጥ ጠጥቷል። ጠላ እንደ ጠማቂዋ ስለሚለያይ ለእሱ ቁርጥ ያለ ቁጥር አትስጡ፤ በጣሳና በሰዓት ጻፉት። ተማሪዎቹ ከሰፈር መለኪያ፣ ብርሌና ጣሳ ይዘው መጥተው በስሪንጅ ውኃ እየሞሉ ይለኩ። የአንድ ሰዓት ልምምድ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይረሱትም። ነጥቡ 8 ሲሆን ማንቂያ፣ ከ16 ጀምሮ ጠንከር ያለ ክትትል፣ ከ20 ጀምሮ ጥገኝነት ተጠርጥሮ ወደ ሙሉ ምርመራ።


ፌርማታ

ረቂቁ ለእኔ በጣም ረጅም ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ለሞቲቬሽናል ኢንተርቪው ስድስት ሳምንት የለም፤ ከአንድ ሰው ጋር ያላችሁ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ከአሲስት ጋር የተያያዘውን አጭሩን ምክክር አስተምሩና ልቀቋቸው፦ ውጤቱን ማሳየት፣ ውሳኔው የእሱ መሆኑን መንገር፣ ግልጽ አስተያየት መስጠት፣ አማራጮች ማቅረብ፣ ስሜቱን መረዳት፣ እንደሚችል ማሳየት። ናይሮቢ ኢስትሊ ውስጥ በሶማሌ ቃሚዎች ላይ የተሞከረው ይኸው ነው።


ጊቤ_ማዶ

ፌርማታ፣ አጭሩን ምክክር በደንብ የሚሠራው ማንጸባረቅ የሚችል ሰው ነው። ያልቻለው ሲሠራው ስድስቱን ነጥብ እንደ መዝሙር ያወርደዋል። «ውጤትህ 22 ነው፣ ውሳኔው የአንተ ነው፣ ምክሬ እንድታቆም ነው፣ አማራጮቹ እነዚህ ናቸው፣ ትችላለህ።» አራት ደቂቃ። ያው ምክር ነው፤ ልብስ ቀይሮ መጣ።

ደግሞ በስልጠና ብቻ የሚመጣ ችሎታ አይቆይም። ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት 140 የሱስ ሕክምና ባለሙያዎችን በተለያየ መንገድ አሰልጥነው ነበር። ከሁለት ቀን ዐውደ ጥናት በኋላ በድምፅ ቅጂያቸው ላይ አስተያየት ወይም አሰልጣኝ የተጨመረላቸው ናቸው ችሎታውን ይዘው የቆዩት። የእኛ ክፍል ሁለተኛውን ግማሽ ነው ሁልጊዜ የሚቆርጠው፤ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ።


ፌርማታ

እሺ፣ ያንን እቀበላለሁ። ሰዓቱንስ ከየት ታመጣለህ? ሚቲ የሚባለው የሞቲቬሽናል ኢንተርቪው ችሎታ መመዘኛ የ20 ደቂቃ ቅጂ ይፈልጋል። 36 ተማሪ በ20 ደቂቃ 720 ደቂቃ ነው፤ አንዴ ለመስማት ብቻ 12 ሰዓት። ለመቁጠር ሁለት ጊዜ መስማት አለ፤ 24 ሰዓት። አንድ መምህር!


ጊቤ_ማዶ

ለምርምር ሳይሆን ለትምህርት ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቅጂ መሐል 5 ደቂቃ ይበቃል። 36 በ5፣ ሦስት ሰዓት። የሚሰማውን ክፍል መምህሩ ይምረጥ እንጂ ተማሪው አይምረጥ፤ ተማሪ ከመረጠ ሁልጊዜ ያማረውን ያመጣል። መጀመሪያ የቡድን ጓደኛው ይቁጠር፣ ረዳቱ ይድገም፣ መምህሩ የሚሰማው ሁለቱ ቆጠራ የተራራቀበትን ብቻ። ግቡ ከሚቲው ላይ ይወሰድ፦ ለአንድ ጥያቄ አንድ ነጸብራቅ ደህና ነው፣ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ጥሩ ነው፤ ከነጸብራቆቹ ውስጥ ጥልቅ የሆኑት 40 በመቶ ሲሆኑ ደህና፣ 50 በመቶ ሲሆኑ ጥሩ። 3ኛ ዓመት ላይ አንድ ለአንድ ከደረሱ እግዜር ይስጥልን።

ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ተገልጋይ፣ አንዱ ቆጣሪ። 10 ደቂቃ ንግግር፣ 5 ደቂቃ አስተያየት፣ ቦታ መቀያየር። አንድ ዙር ለሦስቱም 45 ደቂቃ ነው። ቆጣሪው ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት ይዞ መስመር ብቻ ያሰምራል፤ «ጎበዝ ነበርክ» ማለት አይፈቀድለትም። «14 ጥያቄ፣ 3 ነጸብራቅ» ይላል፤ በቃ።

የተገልጋይ ሚና ሁልጊዜ ከካርድ ይሁን። ተማሪው የራሱን ጫት ወይም የአባቱን መጠጥ ይዞ እንዳይገባ። ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ነገር ማታ ካፌ ይደርሳል፤ ልጆቹ ደግሞ ገና አንድ ዓመት አብረው ይቀመጣሉ። ካርዱ ላይ የተደበቀ ክፍል ይኑረው። ለምሳሌ፦

«የ28 ዓመት የባጃጅ ሾፌር። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ይቅማል፤ የመጣው እናቱ ስላስገደደችው ነው። መጀመሪያ ላይ ‹ጫት ባህላችን ነው፣ ምን ችግር አለው› በል። አማካሪው ከመከረህ ‹እሺ› እያልክ ስልክህን ተመልከት። ሁለት ጊዜ በትክክል ካንጸባረቀልህ ብቻ ይህን አውጣ፦ ማታ ማታ ለጨብሲ ሦስት አራት መለኪያ አረቄ አለ፤ ባለፈው ወር ባጃጁን ከአጥር ጋር አጋጭተሃል።»

እንዲህ ሲሆን ያላንጸባረቀው ተማሪ አረቄውን ሳያውቅ ይወጣል። መምህሩ ምንም ማለት አያስፈልገውም፤ ካርዱን ገልብጦ ማንበብ ይበቃል።


ሒርማታ_12

ሁላችሁም በአማርኛ ታወራላችሁ። መስክ ላይ ከጅማ ከተማ ሰፈሮች፣ ከቢሺሼና ከመርካቶ ወጥታችሁ ወደ ሰርቦ ወይም አጋሮ መንገድ ስትሄዱ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የቆየ ልማዱ ነው፤ ወደ ማኅበረሰቡ መውጣቱ አይቸግርም። የሚቸግረው አስተርጓሚው ነው። ጎረቤት ወይም የቤተሰብ አባል ካስተረጎመ ልየታው ሐሰት ነው፤ ማን በወንድሙ ሚስት ፊት አረቄውን ይቆጥራል? ሦስቱ ሦስቱ ቡድን ሲዋቀር በእያንዳንዱ ውስጥ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት አንድ ልጅ ይኑር፤ ከተቻለ እሱ አማካሪ፣ ሌሎቹ ቆጣሪ ይሁኑ። ካርዶቹም በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጁ። የድምፅ አወጣጡ ጉዳይ በኦሮምኛ የተለየ ስለሆነ ቆጠራውን ቋንቋውን የሚናገር ሰው ይሥራ።

ስለ ድምፅ ቅጂ ደግሞ፦ ፈቃዱ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፣ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ። መጨረሻ ላይ «ይቅር» ካለ እፊቱ ይደምሰስ። የፋይሉ ስም ላይ የሰው ስምም የቀበሌ ስምም አይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ። በቴሌግራም መላላክ ክልክል ይሁን፤ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ድምፅ ይታወቃል። ቆጠራው ባለቀ በሳምንቱ ይጥፋ።


የሐረር_በር

ከ10ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት ስላለው ማገርሸትን መከላከል፦ እነ ማርላት የጀመሩት «አደገኛ ሁኔታዎች» የሚለው ሐሳብ ለጫት በጣም ይሠራል፤ ምክንያቱም ጫት ሰዓት አለው። ተማሪው አንድ የቅማ ቀን ከጠዋት እስከ ማግሥት በሰንሰለት ይሣል። ጠዋት ዘግይቶ መነሳት፣ ዱካክ ያደከመው ሰውነት፣ ወደ ቀትር ሐራራ፣ ጠገብ ያለ ምሳ፣ ጓደኛ ይደውላል፣ በርጫ (አብሮ ተቀምጦ መቃም)፣ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሞላው ምርቃናው ጫፍ ይደርሳል፣ እቅዱ ሁሉ የሚሳካ ይመስላል፣ አመሻሹ ላይ ዝምታና ቅዝዝ ማለት፣ ጨብሲ፣ እንቅልፍ እምቢ፣ እንደገና ዘግይቶ መነሳት።

ተማሪዎች ሁልጊዜ ሰንሰለቱን በርጫው ላይ ሊቆርጡት ይሞክራሉ፤ «ስትጋበዝ እንቢ በል።» እዚያ ላይ ገመዱ ወፍራም ነው። ቀጭኑ ከምሳ በፊት ያለው ነው፦ ማን ጋር ይበላል? ኪሱ ውስጥ ስንት ብር አለ? ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የት ነው? ለባጃጁ ሾፌር ሐሳቡ «አልቅምም» አይደለም። «ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተራ የምይዘው አጂፕ በኩል ነው፣ የቀኑን ገቢ ምሳ ላይ ለእህቴ አስረክባለሁ» ነው። ቦታና ሰዓት የሌለው እቅድ እቅድ አይደለም።

አንድ ነገር ሳይጠየቅ እንዳይታለፍ። ጫቱን ያቆመ ሰው አንዳንዴ መጠጡን ይጨምራል፤ የተለመደው ማታ ባዶ ስለሚሆን። በየሳምንቱ ሁለቱም ይለኩ። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውም ድብርት አንዳንዱን ሰው በጣም ዝቅ ያደርገዋል። «ራስዎን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» ተብሎ በቀጥታ ይጠየቅ። ተማሪዎች ጥያቄው ሐሳቡን የሚያስገባ ይመስላቸዋል፤ አያስገባም። የሚጠራጠር፣ ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ያልተኛ ሰው ካለ ደግሞ ምክክሩ ይቆማል፣ ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል።


3ኛ_ዓመት

አንድ ተጨማሪ፦ ተገልጋዩ «ኢንሻአላህ አቆማለሁ» ወይም «እግዚአብሔር ከፈቀደ» ቢል፣ ደካማ የለውጥ ንግግር (ሰውየው ለመለወጥ ማሰቡን የሚያሳይ አነጋገር) ነው ብለን እንቁጠር?


ፌርማታ

ደካማ ነው። «እሞክራለሁ» እንደ ማለት ነው። ኃላፊነቱ ወደ ሌላ ዞረ።


ሒርማታ_12

አይደለም። እዚህ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ኢንሻአላህ ያላለ ሰው ነው የሚገርመው። የሃይማኖት ቃሉን አውጥታችሁ የቀረውን እዩ። «ኢንሻአላህ፣ እስቲ እናያለን» ደካማ ነው። «ኢንሻአላህ ከሰኞ ጀምሮ ወደ በርጫው ቤት አልሄድም፣ ለጀማሉም ነግሬዋለሁ» ጠንካራ ነው። ቀን፣ ቦታና የሚያውቅለት ሰው አለበት። ተማሪው ደግሞ «አይ፣ አንተ ራስህ ወስን» ብሎ ቢያርመው ሰውየውንም ሃይማኖቱንም አጣ። ጸበል ለሚሄደውም ያው ነው፤ «ጸበሉን ትተህ ወደ እኛ ና» አይባልም። መድኃኒት ካለው ሳያቋርጥ ይሂድ፣ ሲመለስ መቼ እንደምንገናኝ ቀኑን እንያዝ ይባላል።


ፌርማታ

ተቀበልኩ። ሽልማት መስጠትስ? ለአነቃቂ ዕጾች ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ንጹሕ ሽንት ላመጣ ትንሽ ሽልማት።


ነጭ_ጋውን

ተራው የአምፌታሚን የሽንት ምርመራ ለጫት አይታመንም። በማይታመን ምርመራ ሽልማት ከሰጣችሁ መሸለም የምትጀምሩት ብልጠትን ነው። ለተማሪ ልምምድ የሚሆነው መገኘትን መሸለም ነው፦ በቀጠሮው የመጣ ከሳጥን አንድ ወረቀት ያወጣል፤ አብዛኛው ላይ «በርታ» ይላል፣ ጥቂቱ ላይ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር። ጥሬ ገንዘብ ግን አትስጡ፤ ቀጥሎ የሚሄድበት ቦታ ይታወቃል።


ቡና_ተራ

አመሰግናለሁ። የተለወጠው ይህ ነው። 1ኛ ሳምንት የነጭ_ጋውን አራት ጥያቄዎችና የመላኪያ ወረቀት፤ ይህን ያላለፈ ተማሪ ሰው አያገኝም። 2ኛ ሳምንት መለኪያና ጣሳ እየለኩ አሲስትና ኦዲት። ከ3ኛ እስከ 9ኛ ሦስት ሦስት ሆኖ ቆጠራ፤ «ለምን» በእነዚህ ሳምንታት ክልክል። 10ኛና 11ኛ ሰንሰለቱ። 12ኛ ላይ አጭሩ ምክክር በ15 ደቂቃ፤ የፌርማታን ነገር አልጣልነውም፣ ቦታው ተቀየረ እንጂ። ከ13ኛ ጀምሮ መስክ፤ ስድስት ስድስት ሆነው በሳምንት አንድ ሰዓት ከሱፐርቫይዘር ጋር፣ በሁለት ሰው ስድስት ቡድን ስለሆነ ለእያንዳንዳችን ሦስት ሰዓት ይደርሰናል።

የሚቅሙ ተማሪዎችን በተመለከተ አሲስቱን ለራሳቸው ይሙሉ፣ አይሰበሰብም፣ በክፍል አይጠየቅም። ተማሪው መስክ ላይ መርቅኖ ከተገኘ ግን የዚያ ቀን ሥራ ይቀርበታል፤ ይህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይነገራቸው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ሒርማታ_12፣ ካርዶቹን ወደ አፋን ኦሮሞ ለመመለስ ፈቃደኛ ከሆንክ 12 ናቸው። ጊቤ_ማዶ፣ መጨረሻው ላይ «አይደል?» የተጨመረበት ነጸብራቅ በየትኛው ዓምድ ይግባ? ረዳቱና እኔ አልተስማማንም።


ጊቤ_ማዶ

ጥያቄ ነው። «ቤቱ ባዶ ሆነብህ፣ አይደል?» ሰውየውን ወደ አዎ ወይም አይ ይወስደዋል። ጥያቄ ዓምድ ውስጥ ይግባ፤ ተማሪው ሁለት ሳምንት ነጥብ ሲጎድልበት ራሱ ይተወዋል። «እህ…» ደግሞ በየትኛውም አይቆጠርም።


ሒርማታ_12

12ቱን ካርድ ላኩልኝ። የባጃጁን መጀመሪያ።